እንጦጦ ላይ ራስዎን ያመመዎት ከፍታው አይደለም

የአንባቢ ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 43 ነው፤ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ጋር ከሽሮ ሜዳ ተነሥተን በእግር እንጦጦ ማርያም ደረስን፤ 50 ደቂቃ ፈጀብን። ቁርስ አልበላሁም፤ የያዝኩትም ግማሽ ሊትር ውኃ ብቻ ነበር። መንገዱ አጋማሽ ላይ ትንፋሼ ተቆረጠ፤ ስንደርስ ራሴን ክፉኛ አመመኝ፤ ስንወርድ ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ወዲያ ሦስት ቀን ሙሉ ደረጃ መውረድ አቃተኝ። ጓደኞቼ ከወር በኋላ ራስ ዳሽን ለመሄድ አቅደዋል። ሰውነቴን ከፍታ አይስማማውም ማለት ነው? የከፍታ መድኃኒት ወይም በጣሳ የሚሸጠውን ኦክስጅን ልግዛ? ጉልበቴስ ተጎድቶ ይሆን? ከዱባይ ለዕረፍት የምትመጣ እህቴንም ተራራ ላሳያት ፈልጌ ነበር። ለቤት ቅርብ የሆነ፣ መሄጃ የሚሆን ቦታ አለ?»

መልስ፦ በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ በባሕር ጠረፍም ሆነ በተራራ ጫፍ ያው 21 በመቶ ነው። ከፍ ባልን ቁጥር የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ስለሆነ፣ በአንድ ትንፋሽ ወደ ሳንባ የሚገባው ኦክስጅን መጠኑ ያንሳል። አዲስ አበባ ውስጥ የሚኖር ሰው ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር ሦስት አራተኛ ያህሉን ብቻ ነው የሚተነፍሰው፤ ሰውነቱም ይህን ለምዶ ቀይ የደም ሴሉን አስተካክሎ ይኖራል። እንጦጦ አናት ላይ፣ 3000 ሜትር አካባቢ፣ መጠኑ ወደ 70 በመቶ ይወርዳል። እርስዎ ተወልደውም ሆነ ኖረው ከለመዱት አየር ጋር ያለው ልዩነት በጣም ጥቂት ነው፤ አንድ የከተማው ነዋሪ ለሁለት ሰዓት ወጥቶ በሚወርድበት ቦታ ላይ የከፍታ ሕመም ይዞታል ብሎ ለመደምደም አያበቃም። ስለዚህ ለእንጦጦ መድኃኒትም ሆነ የጣሳ ኦክስጅን አይግዙ። ጣሳው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚበቃ አየር የያዘ ነው፤ አሴታዞላማይድ የተባለው መድኃኒት ደግሞ ሐኪም አይቶ የሚያዝዘው፣ ለሰልፋ መድኃኒቶች አለርጂ ባለባቸው ሰዎች ላይ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው፣ ከዚህ እጅግ ከፍ ባለ ቦታ ለሚያድሩ ሰዎች የሚሰጥ ነው።

የራስ ምታትዎን ምክንያት ራስዎ ጽፈውታል። ባዶ ሆድ፣ ግማሽ ሊትር ውኃ፣ እና 50 ደቂቃ። በተራራማ አገር የእግር መንገድን ጊዜ ለመገመት በ1892 እ.ኤ.አ. ኔይስሚዝ የተባለ የስኮትላንድ ተራራ ወጪ ያወጣው ስሌት እስከ ዛሬ ያገለግላል፤ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት ይያዛል፣ ወደ ላይ ለሚወጣው ለየ600 ሜትሩ ሌላ አንድ ሰዓት ይጨመርበታል። መንገዱ 4 ኪሎ ሜትር፣ የሚወጣው ቁመት 400 ሜትር ቢሆን፣ ጤናማና የለመደ እግረኛ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጅበታል ማለት ነው። ስሌቱ ዕረፍትን አይጨምርም፤ ለጀማሪ ሲሆንም ግማሹን ያህል መጨመር ይገባል። እርስዎ ዓመቱን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጠው ከኖሩ በኋላ የለመደ ሰው ከሚሄድበት ፍጥነት በላይ ሄደዋል። ልብዎ ማድረስ ከሚችለው በላይ ኦክስጅን ጡንቻዎ ጠየቀ፤ ትንፋሽዎ የተቆረጠው በዚህ ነው። ደረቅ የተራራ አየር በየትንፋሹ ውኃ ይወስዳል፣ ላብም ነፋስ ስለሚያደርቀው ሳይታወቅ ያልቃል፤ ፀሐዩም ከፍታው በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቆዳን የሚያቃጥለው ጨረሩ በ10 በመቶ ገደማ ይበረታል። ባርኔጣ ሳያደርጉ ከወጡ ደግሞ ራስዎን ባያምዎት ነበር የሚገርመው።

ለልብ የሚያሰጋውን ምልክት ግን ከዚህ ለይተው ይወቁት። ሽቅብ ሲሄዱ ደረት ላይ እንደ ሸክም የሚጫን ሕመም፣ ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ስሜት፣ ወይም ራስን ስቶ መውደቅ ካለ የድካም ጉዳይ አይደለም፤ ወዲያው ተቁሞ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ይገባል። ለዓመታት ያልተንቀሳቀሰ፣ ዕድሜው ከ40 ያለፈ ሰው ወደ ረጅም መንገድ ከመግባቱ በፊት የደም ግፊቱንና የስኳር መጠኑን መለካት አለበት። ሁለቱም በአቅራቢያዎ ባለ ጤና ጣቢያ የሚሠሩ ናቸው።

ወደ ጉልበትዎ ስመጣ፣ ከጻፉት በመነሣት ተጎድቷል ብዬ አላምንም። ብዙ ሰው ዳገቱን ይፈራል እንጂ ሰውነትን የሚፈትነው ቁልቁለቱ ነው። ወደ ላይ ስንወጣ የጭን ጡንቻ እያጠረ ይሠራል፤ ወደ ታች ስንወርድ ግን የሰውነታችንን ክብደት እንደ ፍሬን እየያዘ፣ እየተለጠጠ ይሠራል። ይህን ያልለመደ ጡንቻ ክሮቹ በጥቂቱ ይሰነጣጠቃሉ፤ ሕመሙ በማግስቱ ይጀምርና እስከ ሦስተኛው ቀን ይበረታል፣ ከዚያ ይለቃል። እርስዎ የነገሩኝ ይኸንኑ ነው። ጉልበቱ ራሱ ካበጠ፣ በመሐል ተቆልፎ አልታጠፍ ካለ፣ ወይም ሲረግጡበት ከከዳዎት ግን ሐኪም ይየው። መድኃኒቱ ቤትዎ ውስጥ አለ፤ አራት ፎቅ ደረጃ። በሳምንት ሁለት ቀን ያንን ደረጃ መደገፊያውን ሳይዙ፣ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበትዎን ቀስ ብለው እያጠፉ፣ እግርዎ መሬት ላይ ሳይወድቅ እንዲያርፍ አድርገው ይውረዱት። መጀመሪያ ሁለት ጊዜ፣ በየሳምንቱ አንድ እየጨመሩ። ሲወርዱ ነው የሚሠራው፤ ሲወጡ እንደፈለጉ ይውጡ።

አወራረድን ደግሞ ከመጽሐፍ አይማሩት። በሚቀጥለው ጊዜ እንጦጦ ሲሄዱ መንገድ ዳር ይቁሙና ቅርንጫፍና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች ይመልከቱ። ብዙዎቹ የተሸከሙት ከገዛ ክብደታቸው የማይተናነስ ነው፤ ኑሮ አስገድዷቸው የሚሠሩት ከባድ ሥራ ስለሆነ በአክብሮት መንገድ ልንለቅላቸው ይገባል። እኔ ሰው ወደ ተራራ መምራት ስጀምር ያስተማረችኝ ከእነርሱ አንዷ ናት። የእርምጃዋ ርዝመት ከጫማዋ አንድ ተኩል አይበልጥም ነበር፤ ጉልበቷ አንድም ጊዜ ቀጥ ብሎ አይቆለፍም፤ እግሯ ሙሉ በሙሉ መሬት ሳይዝ ክብደቷን አታስተላልፍም፤ ቁልቁለቱ ሲበረታ ፊቷን ወደ ጎን አዙራ በአግድም ትሄዳለች። «አትሩጥበት፣ ተራራው ራሱ ያወርድሃል» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አዲስ አስጎብኚ ሳሠለጥን የመጀመሪያውን ቀን የማውለው ይህን አረማመድ በማሳየት ነው።

በእንጦጦ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ የተተከለው ባሕር ዛፍ ከሥሩ ሣር ብዙ አያበቅልም፤ መሬቱን የሚሸፍነው ደረቅ ቅጠልና ፍሬ ነው። ፍሬው እንደ ካፖርት ቁልፍ ጠንካራና ክብ ስለሆነ ከጫማ ሥር ይንከባለላል፤ ቅጠሉም በደረቅ ወቅት እንደ ተወለወለ ወለል ያንሸራትታል። በዚያ ተራራ ላይ ቁርጭምጭሚታቸውን ያዞሩ ሰዎችን ስጠይቅ አብዛኞቹ የወደቁት ገደል ላይ ሳይሆን ይህ ፍሬ የተከማቸበት ለስላሳ መሬት ላይ ነው። ዱላ መያዝ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ክብደትን ከጉልበት ላይ ወደ ክንድ ያካፍላል፣ እግር ሲከዳም ሦስተኛ እግር ይሆናል። ከውጭ የሚመጣውን ታጣፊ ምርኩዝ መግዛት አይጠበቅብዎትም፤ እስከ ክርንዎ የሚደርስ የወይራ ዱላ ከበቂ በላይ ነው።

ስለ ጫማ አልጠየቁኝም፤ ጓደኞችዎ ግን ውድ የተራራ ጫማ እንዲገዙ መምከራቸው አይቀርም። አሁን አይግዙ። ሶሉ ጥርስ ያለው፣ ተረከዝ የማያወላውል፣ ከአውራ ጣት ፊት የአንድ ጣት ስፋት ያህል ክፍት የሆነ ስኒከር ለመጀመሪያዎቹ ወራት ይበቃዎታል። ከፊት ክፍት ካልሆነ ቁልቁለት ላይ ጥፍር ይመታል፣ ጠቁሮም ይወድቃል። ሳልቫጅ ተራ ጥሩ ጥሩ የተራራ ጫማ ይገኛል፤ ሆኖም ሶሉ ያረጀ ጫማ ሙጫው ደርቆ መንገድ ላይ ስለሚላቀቅ ከመግዛትዎ በፊት በሁለት እጅ ጎንበስ ቀና አድርገው ይፈትኑት። ምንም ዓይነት ጫማ ቢገዙ ግን ሁለት ሳምንት ቤትና ቢሮ ውስጥ ሳይረግጡት ተራራ ላይ አያውጡት። አንድ ጊዜ ወጨጫ ተራራ ላይ የመራኋት ወጣት በዋዜማው የገዛችውን ጫማ አድርጋ መጣች። ተረከዟ ላይ የብር ሳንቲም የሚያህል ውኃ ያዘለ ቁስል ወጣ፤ አላመመኝም እያለች ደበቀችን፤ ካልሲዋ ደም ሲለብስ አየነው። በሁለት ሰዓት የምንወርደውን መንገድ በአራት ሰዓት ወረድነው፤ መኪናችን ጋር ስንደርስም ጨልሞ ነበር። ጫማ መጋጥ ሲጀምር፣ ገና ቆዳው ቀልቶ ሳለ፣ ቆመው ፕላስተር ይለጥፉበት። ለዚህ የሚቆም ቡድን ጊዜ አያባክንም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፦ ከወር በኋላ ወደ ራስ ዳሽን አይሂዱ። ይህን የምለው እንጦጦ ላይ ስለተቸገሩ አይደለም። ዳሽን 4500 ሜትር ያለፈ ተራራ ነው፤ ጫፉ ላይ የሚተነፍሱት አየር ከባሕር ጠለሉ ከ60 በመቶ በታች ነው፤ እዚያ የከፍታ ሕመም የአዲስ አበባን ሰውም ይይዛል። በስሜን ተራሮች የተለመደው ጉዞ ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንካበር፣ በግጭና በጨነቅ እያደሩ የሚሄድ፣ ብዙ ቀን በተከታታይ የሚያስኬድ ነው፤ ወደ ጫፉ የሚወጣበት ቀን ደግሞ ከአምቢቆ ተነሥቶ በአንድ ቀን ከ1300 ሜትር በላይ ወጥቶ መመለስን ይጠይቃል። እርስዎ ከወጡት ዳገት ከሦስት እጥፍ በላይ ነው፤ ያውም በሌላ ቀን ድካም ላይ ተደርቦ። ጡንቻ ለተከታታይ ቀናት ቁልቁለት ለመጠንከር ሁለት ወር ያህል ይፈልጋል፤ ጅማት ከዚያም ይዘገያል። ወር አይበቃም። ከዚህ በላይ ደግሞ የመንገዱና የአካባቢው ፀጥታ አለ፤ ይህ በሳምንት ውስጥ የሚለወጥ ነገር ስለሆነ፣ ማንም ወደዚያ የሚጓዝ ሰው በዚያው ሳምንት ከአካባቢው ነዋሪ አጣርቶ ካልሆነ በቀር መነሣት የለበትም። ጓደኞችዎ ከሄዱም ይህን ይወቁ፦ ከ3000 ሜትር በላይ የሚያድሩበት ቦታ ከአዳር ወደ አዳር ከ500 ሜትር በላይ ባይጨምር ይመረጣል፤ ራስ ምታቱ ከማስታወክ ጋር የመጣበት፣ እንደ ሰከረ ሰው የሚንገዳገድ፣ ወይም ተቀምጦም ትንፋሽ ያጠረው ሰው ሌሊትም ቢሆን ወደ ታች መውረድ አለበት። ነጋ አልነጋ እያሉ መጠበቅ ሰው ይገድላል።

ለቤት ቅርብ የሆነውን ቦታ በተመለከተ፣ ጥያቄዎን ሳነብ የገባኝ ቅርብ ያለውን ተራራ ለሩቁ መለማመጃ አድርገው ማየትዎ ነው። ይህ አስተሳሰብ እንዲቀር እፈልጋለሁ። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የመናገሻ ሱባ ደን አለ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከሸዋው ወፍ ዋሻ ደን ዘር አስመጥተው አስተከሉት ሲባል የኖረ፣ በአህጉሩ ካሉ ተጠብቀው የቆዩ ደኖች ጥንታዊ ከሚባሉት አንዱ ነው። ደኑ የሚገኘው የጠፋ እሳተ ገሞራ በሆነው በወጨጫ ተራራ ጎን ስለሆነ፣ ሽቅብ ሲሄዱ ዕፅዋቱ በዐይንዎ ፊት ይለወጣሉ፤ ከታች ዝግባና ጽድ፣ ግንዱን ሦስት ሰው ተያይዞ የማያቅፈው፤ ከፍ ሲሉ ቀይ ቅርፊቱ እንደ ወረቀት የሚላጥ ኮሶ፤ ከዚያ በላይ አስታ፤ መጨረሻ ላይ ሣርና ነፋስ። ጠዋት ከገቡ ጉሬዛዎች ነጭ ጅራታቸውን እንደ ነጠላ ጥለት አንጠልጥለው ከዛፍ ዛፍ ሲዘሉ ያያሉ፤ ዝም ብለው ከተቀመጡ ድኩላ መንገዱን ሲያቋርጥ ያጋጥማል። እንጦጦ ላይ ያልሸተትዎትን የደን አፈር ሽታ እዚህ ያገኙታል። የወጨጫ ጫፍ ከ3300 ሜትር ያልፋል፤ ወደዚያ ለመውጣት ግን ቦታውን የሚያውቅ የአካባቢው ሰው መያዝ ግድ ነው።

በምሥራቅ በኩል የረር አለ፤ ቁመቱ 3100 ሜትር ገደማ ሲሆን ዳገቱ ጥላ የሌለውና ቀጥ ያለ ስለሆነ ለጀማሪ አልመክረውም። ዝቋላ ደግሞ ከዙሪያው ሜዳ ላይ ብቻውን 1000 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የቆመ፣ በአናቱ ላይ ሐይቅ የያዘ ተራራ ነው። ይሁንና የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም ያለበት ቅዱስ ስፍራ መሆኑ አይዘንጋ፤ አለባበስና ጸጥታ ይጠበቅበታል፣ ሐይቁም መዋኛ አይደለም። ለሁለቱም ቢሆን ከመሄድዎ በፊት የፀጥታውን ሁኔታ እዚያው ከሚኖሩ ሰዎች ይጠይቁ።

እንግዲህ ስምንት ሳምንት ይስጡት። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቅዳሜዎች እንጦጦ ፓርክ ውስጥ ይሁኑ፤ ፍጥነትዎንም በሰዓት ሳይሆን በአፍዎ ይለኩ። ዳገት እየወጡ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መናገር ከቻሉ ፍጥነቱ ልክ ነው፤ ካልቻሉ ይቀንሱ፣ ጓደኛዎ ቢቀድምዎትም ይቅደም። ከአራተኛው ሳምንት ጀምሮ ከሽሮ ሜዳ ይነሡ፤ ያንኑ መንገድ አሁን በሁለት ሰዓት ይውጡት። በስድስተኛውና በሰባተኛው ሳምንት ወደ መናገሻ ሱባ ዝቅተኛ መንገዶች ይሂዱ፤ በስምንተኛው ወጨጫን ይሞክሩ። ከመነሣትዎ አንድ ሰዓት ቀደም ብለው ቁርስ ይብሉ፤ ሁለት ሊትር ውኃ ይያዙ፤ ለስንቅ ቆሎና በሶ ከየትኛውም የታሸገ ብስኩት ይሻላሉ፤ በኪስ ይያዛሉ፣ አይበላሹም፣ ቀስ ብለው ኃይል ይሰጣሉ። የጾም ቀን ከሆነና እስከ ከሰዓት የማይቀምሱ ከሆነ ሜዳ ሜዳውን ይሂዱ እንጂ ዳገት አይውጡ።

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ይነሡ። ይህን የምለው ለንጹሕ አየሩ ብቻ አይደለም። በበልግና በክረምት ነጎድጓድ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ መብረቅ የሚመታው ደግሞ ጫፍ ላይ የቆመውንና ብቻውን የበቀለ ዛፍ ሥር የተጠለለውን ነው። ብልጭታውን አይተው ድምፁን እስኪሰሙ 30 ሰከንድ ካልሞላ መብረቁ ቅርብ ነውና ከተራራው ጫፍ ላይ ወርደው ወደ ዝቅተኛ ቦታ ይሂዱ፤ ከመጨረሻው ድምፅ በኋላም ግማሽ ሰዓት ይቆዩ። በእኛ አገር ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ጨለማው በፍጥነት ነው የሚመጣው፤ እንጦጦም ቢሆን ጅብ አለበት። ከአመሻሹ 11 ሰዓት በፊት ከዛፉ ወጥተው መንገድ ይያዙ። ከፓርኩ ውጭ ብቻዎን አይሂዱ፤ ቢያንስ ሦስት ሆነው ይሂዱ፣ የት እንደሄዱና መቼ እንደሚመለሱ ለቤት ሰው ተናግረው ይውጡ። አንዱ እግሩ ቢሰበር አንዱ አብሮት ይቀመጣል፣ አንዱ ወርዶ ሰው ይጠራል፤ የሦስትነቱ ምክንያት ይህ ነው። የእረኛ ውሻ ቢመጣብዎት አይሩጡ፤ ቆመው ጎንበስ ብለው ድንጋይ እንደሚያነሣ ሰው ያድርጉ፣ ለእረኛውም ድምፅ ይስጡ።

የእህትዎ ጉዳይ ከእርስዎ የተለየ ነው። ዱባይ በባሕር ጠለል ላይ ያለች ከተማ ናት፤ እርስዎ የማይሰማዎትን ከፍታ የምታገኘው ገና ቦሌ ስትወርድ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት እንቅልፍ ማጣት፣ ቀላል ራስ ምታትና ደረጃ ስትወጣ የትንፋሽ ማጠር ሊገጥማት ይችላል፤ በራሱ ያልፋል። እስከ አራተኛው ቀን ተራራ አያውጧት፤ ውኃ በብዛት ትጠጣ፣ ትተኛ። ከዚያ ከእንጦጦ ይልቅ ወደ መናገሻ ሱባ ይውሰዷት፤ የታችኛው መንገድ ዝቅ ያለና ጥላ ያለው ነው። ሹራብ ትያዝ፤ በ1000 ሜትር ልዩነት ብርዱ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይጨምራል፣ ከባሕረ ሰላጤው ሙቀት ለመጣ ሰው ደግሞ የጠዋቱ የደን ጥላ ብቻውን ያንቀጠቅጣል።

ዳሽንን እስከ ጥቅምት ያቆዩት፤ ክረምቱ ወጥቶ ጭቃው ይደርቃል፣ ሰማዩም ጥርት ይላል። እስከዚያ በሁለት ተከታታይ ቀናት ወጨጫን ወጥተው ወርደው፣ በሦስተኛው ቀን ጠዋት የኮንዶሚኒየምዎን አራት ፎቅ መደገፊያ ሳይዙ ያለ ሕመም መውረድ ከቻሉ፣ ሰውነትዎ ተዘጋጅቷል። መደገፊያውን ከያዙ ግን ለሚቀጥለው ዓመት ያስተላልፉት።